የዓይንሽ ግፊት 26 ነው ሲሉኝ

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ እሰፋለሁ። ሃያ ዓመት አልፎኛል። ከሥራው የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ሜትርም እንደሚዋሽ ነው። ደንበኛዋ ሆዷን ስባ ከቆመች፣ በሹራብ ላይ ከተለካች፣ ወይ እኔ ሜትሩን ጠበቅ አድርጌ ከያዝኩት፣ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ጉዱ የሚታየው ቀሚሱ ሲለበስ ነው። ይህን እያወቅኩ፣ የገዛ ዓይኔን ግፊት በደቂቃ ውስጥ ለክተው "26 ነው" ሲሉኝ አንድም ነገር ሳልጠይቅ አምኜ ወጣሁ።

ስኳር ከተገኘብኝ 11 ዓመቴ ነው። ይህ በደረሰብኝ ጊዜ የምወስደው ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ የሚባሉትን የስኳር ኪኒኖች ነበር። እናንተም ስኳር ካለባችሁ፣ ወይ እናታችሁን አባታችሁን የምታስታምሙ ከሆነ፣ እኔ የሄድኩበትን ዙሪያ ጥምጥም እንዳትሄዱ ብዬ ነው የምጽፈው። ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ የደረሰብኝንና ሐኪሞቼ ያስረዱኝን ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ክር መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ። መነጽር መቀየር ይሆናል ብዬ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። አገጬን አስደግፈው አየር የሚተፋው መሣሪያ ፊት አስቀመጡኝ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ትንሽ መብራት እያየህ ቆይ ይሉሃል፣ ከዚያ ሳታስበው "ፍፍ!" ይልብሃል። መጀመሪያ ሲለቅብኝ ደንግጬ ወደ ኋላ ሄድኩ። ሁለተኛው ላይ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ዓይኔንም ጨመቅኩ። የሚለካኝ ልጅ ቸኩሎ ነበር፤ የዓይኔን ሽፋን በሁለት ጣቱ ፈልቅቆ ያዘና ለቀቀው። ቀኝ 26፣ ግራ 24። በየዓይኑ አንድ አንድ ጊዜ። አለቀ።

ጤነኛ የሚባለው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው ተባልኩ። ግላኮማ፣ ማለትም የዓይን ነርቭን የሚጎዳው በሽታ፣ ጀምሮሻል፣ ዕድሜ ልክ የሚደረግ ጠብታ ነው ተብሎ ቲሞሎል ታዘዘልኝ። ጠዋትና ማታ። ስኳር እንዳለብኝ ተናግሬአለሁ። ምን ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ ያለኝ ግን አልነበረም። እኔም አልነገርኩም።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። አክስቴ ዓይኗ ጠፍቶ ነው የሞተችው። በዚያ ዘመን ምክንያቱን የጠየቀ አልነበረም፣ "ምች ነው" ተብሎ ታለፈ። ጨለማው ውስጥ ተጋድሜ አንዱን ዓይኔን ከድኜ በሌላው መስኮቱን አያለሁ፣ ደግሞ እቀያይራለሁ። ምን እንደምፈልግ እኔም አላውቅ።

ጠብታውን በታማኝነት ያዝኩ። ሁዳዴ ገባ። እንግዲህ እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም የለበትም። እኔ ግን በየዓመቱ እጾማለሁ፣ ሲወርድብኝም አውቀዋለሁ። ልቤ ድው ድው ይላል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ ቴምር ወይ ስኳር አፌ ላይ ጣል አደርጋለሁ። ዓመታት የዳንኩት በዚያ ምልክት ነው።

የዚያን ቀን ልቤ ምንም አላለም። አላበኝ ብቻ። ሱቁ ሞቆ ነው ብዬ በሩን ከፈትኩ። ልጄ ምሳ ሰዓት ስትመጣ መቀሱን ይዤ ያልተለካ ጨርቅ እቆርጣለሁ። "እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?" ስትለኝ የመለስኩላት መልስ ትርጉም አልነበረውም አለችኝ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ስኳሬ 48 ድረስ ወርዶ ነበር።

ጉልኮሱ ተሰጥቶኝ ነፍሴ መለስ ሲል ሐኪሟ የምወስደውን መድኃኒት አስቆጠረችኝ። ኪኒኖቹን ዘረዘርኩ። "ሌላስ?" አለችኝ። "ሌላ የለም።" ልጄ ናት ቦርሳዬን ከፍታ ጠብታውን ያወጣችው። እኔ የዓይን ጠብታ መድኃኒት አይመስለኝም ነበር። ለዓይን ነዋ! ከዓይን ወዴት ይሄዳል?

ይሄዳል። ዓይናችን ጥግ ባለችው ቀዳዳ አድርጎ ወደ አፍንጫ ይወርዳል፣ ከዚያ ደም ውስጥ ይገባል። ቲሞሎል ደግሞ ስኳር ሲወርድ የሚመጣውን የልብ ምትና መንቀጥቀጥ ሊደብቅ ይችላል። ላቡን አይደብቅም። እኔን ሊያስጠነቅቀኝ የቀረው ላቡ ብቻ ነበር፤ እሱንም በሙቀት አሳበብኩት።

ይህን አንብባችሁ ጠብታችሁን ወርውሩ ማለቴ አይደለም። ስኳር ኖሮባቸው ቲሞሎል የሚያስፈልጋቸው፣ በደንብ የተስማማቸውም ሰዎች አሉ። ለስኳር ሐኪማችሁ ጠብታውን፣ ለዓይን ሐኪማችሁ ደግሞ ኪኒኑንና ኢንሱሊኑን ንገሩ። ጠብታውን ስታደርጉ ዓይናችሁን ጨፍኑና የውስጠኛውን ጥግ፣ አፍንጫ አጠገብ ያለውን፣ በጣታችሁ ለሁለት ደቂቃ ያህል ጫን በሉት። ወደ ደም የሚሄደው ይቀንሳል። አስም ያለባችሁ ደግሞ ቲሞሎል ከመጀመራችሁ በፊት የግድ ተናገሩ።

ሐኪሟ ለዓይን ስፔሻሊስት ሪፈር ጻፈችልኝ። ለዓይን ሲባል የአዲስ አበባ ሰው አፉ ላይ የሚመጣለት ምኒልክ ሆስፒታል ነው፤ እኔን የደረሰኝ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ወረፋው ረዘም ያለ ቢሆንም ጠበቅኩ።

ወጣት ሐኪም ነው። ገና ከመቀመጤ "አንገትዎ ላይ የጠመጠሙትን ነጠላ ይፍቱት" አለኝ። ገረመኝ። ቀጥሎ ወንበሩን ከፍ አደረገው፤ ወደ መሣሪያው እየተንጠራራሁ እንዳልለካ ነው። አንገት ከታነቀ፣ ትንፋሽ ከተያዘ፣ ዓይን ከተጨመቀ ግፊቱ ለጊዜው ይወጣል አለኝ። ጣትም ዓይኑን ከተጫነው እንደዚያው። ልክ የዚያ ክሊኒክ ፊልም ወደ ኋላ ሲጠነጠን ታየኝ። አንዱንም ሳላስቀር ሁሉንም አድርጌአለሁ።

ማደንዘዣ ጠብታ አደረገ፣ ከዚያ ቢጫ ቀለም። የተረፈውን እንባ በስስ ፋሻ አደረቀልኝ፤ ቀለሙና እንባው ከበዛ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፣ ካነሰ ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል አለኝ። ከዚያ ሰማያዊ መብራት እየተጠጋ፣ እየተጠጋ መጣ። ምንም አይሰማም። የብርሃን ክብ ብቻ ነው የሚታየው። እሱ በማጉያው የሚያየው ሁለት አረንጓዴ ግማሽ ክቦች ነው፤ መሣሪያውን እያዞረ የውስጥ ጠርዛቸው እስኪነካካ ይጠብቃል። እኔ ስፌት ለስፌት እንደማገጥመው ማለት ነው። ትንፋሽዎን ይልቀቁ፣ ሩቅ ይመልከቱ ይለኛል። ሁለቴ ለካ። 17 እና 16።

መሣሪያው ጎልድማን ይባላል፤ በ1950ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር የሠራው የስዊዘርላንድ ዓይን ሐኪም ስም ነው። ሌሎቹ መለኪያዎች እስከ ዛሬ የሚመዘኑት ከእሱ ጋር ነው። አየር የሚተፋውም ቢሆን ጥፋት የለበትም፤ ብዙ ሰው ቶሎ ቶሎ ለማየት ጥሩ ነው። ግን የዓይን ግፊት ከልብ ምት ጋር ከፍ ዝቅ ስለሚል ሦስት ጊዜ ያህል ተለክቶ አማካዩ ይወሰዳል። ከፍ ካለም በጎልድማን ይጣራል። በአንድ ትፍታ ዕድሜ ልክ መድኃኒት አይጀመርም።

17 ሲለኝ ደስ አለኝ። እሱ ግን አልተደሰተም። "ይሄ ጠብታው ላይ ሆነው ነው። ያለ ጠብታ ስንት እንደነበር አናውቅም" አለኝ። ከዚያ ሌላ ዕቃ አነሳና ዓይኔን ነካ ነካ አደረገው። ኮርኒያ፣ ማለትም ጥቁሩን የሚሸፍነው ብርሃን አሳላፊው የዓይን ፊት፣ ውፍረቱ ተለካ። ቀኝ 598፣ ግራ 601 ማይክሮን። ጎልድማን ሲሠራ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ወደ 520 ማይክሮን፣ ታስቦ ነው። የኔ ከዚያ ወፍራም ነው። መሣሪያው ኮርኒያውን ገፍቶ ትንሽ ቦታ ላይ ዝርግ ለማድረግ የሚያስፈልገውን ጉልበት ነው የሚለካው። ወፍራሙ ላይ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ከእውነተኛው ይበልጣል። ስሱ ላይ ደግሞ ያንሳል።

ስኳር እዚህ ጋ ይገባል። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ኮርኒያው የተሠራባቸውን ቀጫጭን ክሮች እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ ኮርኒያው ጠጠር፣ ብዙ ጊዜም ትንሽ ወፈር ይላል። "እንደ ስታርች?" አልኩት። ሳቀ። "እንደ ስታርች" አለ። ስታርች የጠጣ ኮሌታ በጣት ስትጫኑት እንደማይታጠፍላችሁ ማለት ነው። ከውስጥ ያለው ግፊት ሳይጨምር ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል።

"ታዲያ ስንት ልቀንስለት?" ብዬ ጠየቅኩ። እኔ ሂሳብ እወዳለሁ፤ ለጨርቅ መሸብሸቢያ ሦስት ሳንቲም እንደምተወው መሰለኝ። እንደዚያ አይሆንም አለኝ። ለዚህ ያህል ውፍረት ይህን ያህል ቀንስ የሚሉ ቀመሮች አሉ፣ ግን በአንድ ሰው ላይ አይታመኑም፤ ውፍረቱ ብቻ ሳይሆን ጥንካሬውም አለ። ኮርኒያው ወፍራም መሆኑ ቁጥሩን በጥርጣሬ እንድናይ ይነግረናል እንጂ ትክክለኛውን ቁጥር አይሰጠንም። ስለዚህ የሚታየው ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ነው።

ጠብታውን አስቆመኝና ከአራት ሳምንት በኋላ ቀጠረኝ፤ ከሰውነት እስኪወጣ ነው። ስመለስ ጠዋት 22 እና 21፣ በሌላ ቀን ከሰዓት 19 እና 18 ሆነ። የዓይን ግፊት ቀኑን ሙሉ አንድ አይደለም፤ ብዙ ሰው ላይ ጠዋት ከፍ ይላል። የነርቩ ፎቶ ጤነኛ። የዕይታ ስፋቱ ምርመራ፣ ያ ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፍ የምትጫኑበት፣ ጤነኛ። በመስተዋት የዓይኔ ውስጥ ፈሳሽ የሚወጣበትን ጥግ አየ፤ ክፍት ነው። አይሪስ ላይ፣ ማለትም ብሌኑን የከበበው ቀለም ያለው ክፍል ላይ፣ አዲስ የደም ሥር አለመብቀሉንም አየ። ስኳር ላለበት ሰው ይሄ የግድ ነው፤ ሬቲና፣ ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ሲጎዳ ቀጫጭን የደም ሥሮች አይሪሱ ላይ በቅለው መፍሰሻውን ሊዘጉና ግፊቱን በአንድ ጊዜ ሊያወጡት ይችላሉ።

ግላኮማ የለብኝም። በየስድስት ወሩ ክትትል ብቻ። ክሩን ያስቸገረኝ የዕድሜ ነገር ነበር፤ የቅርብ መነጽር ታዘዘልኝ።

አንድ ትንሽ ነገር ልንገራችሁ። ከመጀመሪያው የጎልድማን ቀን ስወጣ ማደንዘዣው ገና አልለቀቀም ነበር፣ ዓይኔን በነጠላዬ ጫፍ አሸሁት። ምንም አልተሰማኝም። ማታ አሸዋ የገባበት መሰለ፤ ኮርኒያው ተቧጥሮ ነበር። ስኳር ያለበት ሰው ኮርኒያ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ እኔ አሥር ቀን ፈጀብኝ። ማደንዘዣ ከተደረገላችሁ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት እጃችሁን ሰብስቡ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ትልቁን ስህተት የሠራሁት ግን ከዚህ በኋላ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ዓይኔ ያሳክከኝ ጀመር። የጥጥ ብናኝ መሰለኝ። ሰፈር ያለ ፋርማሲ ገብቼ "ለሚያሳክክ ዓይን" ስል ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ፣ ማለትም እብጠትና ማሳከክ የሚያስታግስ መድኃኒት፣ ያለበት ጠብታ ሰጡኝ። በሦስት ቀን ለቀቀኝ። ተአምር ነው። ባቆምኩት ቁጥር ይመለሳል፣ እኔም እመለሳለሁ። እንዲህ እያልኩ ሁለት ወር። መሀል ላይ ቀጠሮዬ ደረሰ፤ የሠርግ ሥራ በዝቶ አሳለፍኩት። ደግሞስ ምን አስቸኮለኝ? ኮርኒያዬ ወፍራም ነው፤ ቁጥሩ ቢወጣም ውሸት ነው።

ስሄድ 34 እና 31። በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ሐኪም። ፊቱ ተቀያየረ። እኔ ግን ተረጋግቼ "ያው ኮርኒያዬ ወፍራም ስለሆነ ነው" አልኩት። እሱን ለማጽናናት።

"ኮርኒያዎ ባለፈውም ወፍራም ነበር እኮ" አለኝ።

ዝም አልኩ። እንዴት አላሰብኩትም? ያው ደንበኛ፣ ያው ሜትር፣ ያው ሹራብ። ወገቧ ግን አሥራ ሁለት ሳንቲም ጨምሯል። ሹራቡ ላይ ማሳበብ አይቻልም።

ስቴሮይድ ያለባቸው ጠብታዎች በአንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ግፊትን ያወጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ያለ ምንም ሕመም። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። አያምም፣ አይቀላም፤ እንዲያውም ማሳከኩ ስለሚጠፋ ዓይናችሁ የተሻለው ይመስላችኋል። ስኳር ለጎዳው ሬቲና ሕክምና ዓይን ውስጥ የሚወጋ ስቴሮይድም አለ። እሱ በሐኪም እጅ፣ ግፊቱ እየተለካ የሚሰጥ ነው። የኔው ግን ያለማዘዣ የገዛሁት፣ ማንም የማይከታተለው ነበር።

ጠብታውን አቆምኩ። ቲሞሎል ያልሆነ ሌላ ማውረጃ ለጊዜው ተሰጠኝ፣ ለማሳከኩም ስቴሮይድ የሌለበት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ወደ 23 ወረደ፣ ከዚያም ማውረጃውን አቁሜ 21 ላይ ቆመ። ነርቤ ተርፏል። ሌላ ጥቂት ወር ብቆይ ምን እንደሚሆን ሐኪሙን አልጠየቅኩትም።

ሱቃችን ጎን ጥለት የምትሸጥ ጓደኛ አለችኝ። እሷም ስኳር አለባት። የኔን ታሪክ ስትሰማ "የኔስ 16 ነው፣ ሁሌም 16" ትለኝ ነበር፤ በኩራት። እየጎተትኩ ወሰድኳት። ኮርኒያዋ 478። ነርቧ አንድ ዓይኗ ላይ ተጎድቷል፣ የጎን ዕይታዋም ተቀንሷል፤ ለካስ ደረጃ ስትወርድ የምትሰናከለው ለዚህ ነው። 16 ለሷ 16 አልነበረም። ከዚያ ወዲህ "ግፊቴ ጥሩ ነው" የሚለኝን ሰው ሁሉ ነርቡን ታይቶ እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ሰው ይሰለቸኛል መሰለኝ። ለርቀት ዕይታ በሌዘር ኮርኒያቸውን ያስቀረጹም እንደዚሁ ናቸው፤ ኮርኒያው ስለሚሳሳ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይነበባል። ለሐኪሙ መንገር አለባቸው።

አሁን ትንሽ ደብተር አለኝ። የደንበኛ ልክ የምጽፍበት ዓይነት። ቁጥሩን ብቻ አልጽፍም፤ በምን እንደተለካ፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ጠብታ ላይ እንደነበርኩ፣ የዚያን ጠዋት ስኳሬን እጽፋለሁ። ሐኪም ሲቀየር ደብተሩን እሰጠዋለሁ። የኮርኒያውን ውፍረት በመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ ጽፌዋለሁ፤ እሱ አንዴ ከተለካ ብዙም ስለማይቀያየር በየጊዜው ገንዘብ አታውጡበት።

የቀጠሮ ቀን ጠዋት ቁርሴን በልቼ መድኃኒቴን ወስጄ እሄዳለሁ። ውኃ እጠጣለሁ፤ ግን ወረፋ ላይ ሆኜ አንድ ሊትር በአንድ ትንፋሽ አልጨልጥም፤ እሱም ግፊቱን ለጊዜው ያወጣል። ተራዬ ሲደርስ የዓይን መክፈቻ ጠብታ ይዘው ከመጡ "ግፊቱ መጀመሪያ ይለካልኝ" እላለሁ። ብሌኑ ከተከፈተ በኋላ ቁጥሩ ሊቀየር ይችላል። መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ ማለት ያሳፍረኝ ነበር። አዋቂ ነኝ ባይ እንዳልመስል። ደንበኞቼ "እትዬ፣ እስቲ ድጋሚ ይለኩኝ" ሲሉኝ ተቀይሜ አላውቅም፤ ሐኪምም አይቀየምም።

ባለፈው ወር የለካችኝ አዲስ ሐኪም ነበረች። ገና አፏን ሳትከፍት ነጠላዬን ፈታሁ፣ ወንበሩን አስተካከልኩ፣ ትንፋሼን ለቀቅኩ። "ለምደውታል" አለችኝ። ደብተሩ ላይ የጻፍኩት ይኸው፦ ቀኝ 20፣ ግራ 19። ጎልድማን። ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል። ጠብታ የለም። ስኳር 142። ዓይኔን አላሸሁም።